ባልና ሚስት ሲለያዩ ንብረቱንም ዕዳውንም የሚያካፍለው የትኛው ፍርድ ቤት ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከባለቤቴ ጋር በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተጋባን። ሁለት ልጆች አሉን። ከተለያየን አንድ ዓመት ተኩል ሆነን፤ እሱ ሌላ ክፍለ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ያለን ንብረት በእሱ ስም የሆነ የባንክ ዕዳ ያለበት ኮንዶሚኒየም፣ ቢሾፍቱ የተጀመረ ቤት እና አንድ ቪትዝ መኪና ነው። ኮንዶሚኒየሙን ‹በ1997 ገና ሳላገባ ነው የተመዘገብኩት፣ የግሌ ነው› ይላል። ዕጣው የወጣውና ውሉ የተፈረመው ግን ከተጋባን በኋላ ነው። ዕቁብም ወጥቶለት ወስዷል፣ ክፍያው ገና አላለቀም። አሁን ደግሞ ከወንድሙ 400,000 ብር ተበድሬያለሁ፣ ግማሹ ያንቺ ዕዳ ነው እያለኝ ነው። ስለ ብድሩ የሰማሁት ባለፈው ወር ነው። ሽማግሌዎች መኪናው ለእኔ፣ ቤቶቹ ለእሱ ብለው ወረቀት አጽፈው አስፈርመውናል። አንዱ የቢሾፍቱው ቤት ቢሾፍቱ ነው የሚከሰሰው ይለኛል። ሌላው ፍርድ ቤት ንብረት እንጂ ዕዳ አያካፍልም ይላል። ሌላው ደግሞ ሽማግሌ የጨረሰውን ፍርድ ቤት አያየውም ይላል። የት ነው የምሄደው?»

የሚሄዱት አዲስ አበባ ወዳለው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ የቤተሰብ ችሎት ነው። ለኮንዶሚኒየሙም፣ ለቢሾፍቱው ቤትም፣ ለመኪናውም፣ ለዕዳዎቹም የሚሄዱት እዚያው ነው። የነገሩዎት ሦስቱም ነገሮች የተሳሳቱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ስህተት ግን ከአንድ እውነት የተነሳ ስለሆነ አንድ በአንድ እናየዋለን።

ከዚያ በፊት ግን እርስዎ ያላነሱትን ነገር ላንሳ። እርስዎና ባለቤትዎ አልተፋታችሁም። የተለያየ ቤት እየኖራችሁ ነው እንጂ ጋብቻው በሕግ ፊት እንዳለ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በቂ ምክንያት ካላቸው ተስማምተው ተለያይተው መኖር እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ይህ ግን የንብረት ግንኙነቱን አያቋርጠውም። ባለፈው አንድ ዓመት ተኩል እሱ ያገኘው ደመወዝ የጋራ ነው። እርስዎ ያገኙትም የጋራ ነው። ብዙ ሰው «ከወጣበት ቀን ጀምሮ ያለው የየራሳችን ነው» ብሎ ያስባል፤ አይደለም። ሕጉ የሚያውቀው መቋጫ የጋብቻውን መፍረስ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሰዎች ለረጅም ዓመታት ተለያይተው፣ ሌላ ትዳር መሥርተው ሲገኙ ጋብቻው በተግባር እንደፈረሰ የቆጠሩ የሰበር ውሳኔዎች ነበሩ። አንድ ዓመት ተኩል የተለያየ ሰው ግን በዚያ ላይ ተስፋ ማድረግ የለበትም። ፍቺ መኖሩንና አለመኖሩን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌም፣ የቤተሰብ ጉባኤም፣ የሃይማኖት አባትም ያፋቷችሁ ቢመስላችሁ በሕግ ፊት አሁንም ባልና ሚስት ናችሁ። ስለዚህ «ንብረት አካፍሉኝ» ብለው ብቻ ክስ ቢያቀርቡ ፍርድ ቤቱ የሚጠይቅዎት «ፍቺው የታለ?» ብሎ ነው። መንገዱ የሚጀምረው ከፍቺ አቤቱታ ነው።

ለምን ፌዴራል? አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ የፌዴራሉ ነው፤ ጉዳዩን የሚያየውም የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ብዙ ሰው ከተማ ነክ ፍርድ ቤት ሄዶ ቀኑን ያቃጥላል። እነዚህ ፍርድ ቤቶች የባልነትና የሚስትነት ማስረጃ ስለሚሰጡ ፍቺም የሚያዩ ይመስላል። አያዩም። ማስረጃ መስጠትና በፍቺ ክርክር ላይ መፍረድ የተለያዩ ሥልጣኖች ናቸው። ባለቤትዎ አዲስ አበባ ስለሚኖር ደግሞ የቦታ ጥያቄም አይነሳም፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መነሻ ደንብ ተከሳሽ የሚከሰሰው በሚኖርበት ቦታ ነው።

ክልል ውስጥ የሚኖር አንባቢ ይህን እንዳለ አይውሰደው። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ የአማራ ክልል አዋጅ 79/1995፣ የኦሮሚያ ክልል አዋጅ 69/1995 ምሳሌዎች ናቸው። ጉዳዩንም የሚያዩት የክልሉ ፍርድ ቤቶች ናቸው። ባልና ሚስቱ በተለያየ ክልል በቋሚነት የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የፌዴራል ሊባል ይችላል፤ ይሁንና በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 በተሰጠው ውክልና የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ያለው ሰው ክሱን ከመክፈቱ በፊት ሬጅስትራሩን፣ ማለትም የፍርድ ቤቱን የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ ይጠይቅ። ያለ ሥልጣኑ የታየ ጉዳይ ከዓመታት በኋላም ይግባኝ ላይ ሊፈርስ ይችላል። የሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም ያን ዓይነት ጉዳይ የማየት ሥልጣን፣ ጉድለት በማንኛውም ጊዜ ይነሳል። የቦታ ሥልጣን ግን በጊዜው ካልተቃወሙት አልፏል። ልዩነቱን ልብ ይበሉ፦ ተከሳሽ «እዚህ ከተማ መከሰስ የለብኝም» ማለት የሚችለው ገና በመጀመሪያው መልሱ ላይ ነው። ክርክሩ ገፍቶ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ ሽንፈት ሲሸት የሚነሳ የቦታ ተቃውሞ ሰሚ የለውም።

ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤትም በአጭሩ፦ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ፍቺና ቀለብን ማየት ይችላሉ፤ የሚያዩት ግን ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ነው። መጥሪያ ደርሶት ዝም ብሎ የሚቀር ሰው ግን እንደፈቀደ ይቆጠራል። መዳኘት ካልፈለጉ ቀርበው «አልፈቅድም» ይበሉ። ያኔ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

አሁን ወደ ቢሾፍቱ እንሂድ። «የማይንቀሳቀስ ንብረት ክስ ንብረቱ ባለበት ቦታ ይቀርባል» የሚል ደንብ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አለ። የነገረዎት ሰው ይህን ሰምቶ ነው። የእርስዎ ጥያቄ ግን «ይህ መሬት የማን ነው?» የሚል የይዞታ ክርክር አይደለም። ጥያቄዎ ከጋብቻ መፍረስ የሚመነጭ የክፍፍል ጥያቄ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ፍቺን የወሰነውን ፍርድ ቤት የፍቺውን ውጤትም እንዲወስን አድርጎታል፤ ንብረት ከውጤቶቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ፍቺውን ያየው ችሎት የቢሾፍቱውንም ቤት ይጨምራል። ቢሾፍቱ የምታስፈልገው ኋላ ላይ፣ ለአፈጻጸም ነው። ቤቱ ይገመት ወይም በሐራጅ ይሸጥ ከተባለ ፍርዱ እዚያው አካባቢ ወዳለ ፍርድ ቤት ለማስፈጸሚያ ይተላለፋል፤ መሬት አስተዳደሩም የሚታዘዘው በዚያ መንገድ ነው።

አንድ ሁኔታ ግን ይህን ይለውጠዋል። ድንገት ሦስተኛ ሰው ብቅ ብሎ «ቦታው የእኔ ነው፣ ለባልየው ስሙን አውሼው ነው» ቢልስ? ይህ ሰው በእናንተ ክርክር ውስጥ ጣልቃ ገብ ሆኖ ሊገባ ይችላል። ካልገባም ፍርዱ መብቱን የሚነካ ከሆነ ከመፈጸሙ በፊት በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 358 መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ሊኖር እንደሚችል ከጠረጠሩ አስቀድመው ለጠበቃዎ ይንገሩት። ፍርድ ካገኙ በኋላ ሁሉንም እንደገና መጀመር በገንዘብም በጊዜም በጣም ይጎዳል።

የሽማግሌዎቹ ወረቀት። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ሴቶች መብታቸውን ትተው ቤታቸው ቁጭ ብለዋል። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 73 ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመን እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም ይላል። የእናንተ ወረቀት ፍርድ ቤት አላጸደቀውም። ጋብቻውም አልፈረሰም። ስለዚህ መፈረምዎ አላሰረዎትም። ድሮ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዘመን የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺ የመወሰን ሥልጣን ነበራቸው። ከ1992ቱ አዋጅ በኋላ ያ ሥልጣን የለም። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያቀራርባል፣ ለፍርድ ቤት ሪፖርት ያቀርባል። አይፈርድም።

ወረቀቱ ግን ዋጋ ቢስ ነው ማለቴም አይደለም። ባለቤትዎ በፊርማው መኪናውንና ሁለቱን ቤቶች አንድ ላይ ለመካፈል ከቀረቡ ንብረቶች ጋር ቆጥሯቸዋል። ይህ ነገ «ኮንዶሚኒየሙ የግሌ ነው» ሲል የሚቀርብለት ጥሩ ጥያቄ ነው። ዋናውን ቅጂ አይስጡት። አይቅደዱትም። ሁለታችሁም በፍትሐዊ ስምምነት ብትገናኙ ደግሞ በስምምነት ፍቺ መንገድ አዲስ ውል ተጽፎ ለፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ይጸድቃል፣ እንደ ፍርድም ይፈጸማል። ጊዜም ወጪም የሚቆጥበው መንገድ ያ ነው።

በ1997 የተደረገው ምዝገባስ? አንቀጽ 63 በጋብቻ ዘመን ያለ ንብረት ሁሉ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። የግሌ ነው የሚል ሰው ያስረዳ፤ ሸክሙ የእሱ ነው። የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ተራ መያዝ ነው እንጂ ቤት ማግኘት አይደለም። ዕጣው የወጣው፣ ውሉ የተፈረመው፣ ቅድመ ክፍያውና ወርሃዊው የተከፈለው በጋብቻ ዘመን ከሆነ ቤቱ የጋራ ነው ብለው በድፍረት ይከራከሩ። ውሉ ከሠርጉ በፊት ተፈርሞ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር፤ ያኔ ጥያቄው በጋብቻ ዘመን በተከፈለው ገንዘብ ላይ ሊያተኩር ይችላል። ስለዚህ የውሉን ቀን የሚያሳይ ቅጂና የባንክ ክፍያ ዝርዝር ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዕዳው እንምጣ። «ፍርድ ቤት ዕዳ አያካፍልም» ማለት ትክክል አይደለም። ያካፍላል። መጀመሪያ ግን ዕዳው የማን እንደሆነ ይለያል። የቤተሰብ ሕጉ ሁለት ዓይነት ዕዳ ያውቃል። አንዱ የአንድ ተጋቢ የግል ዕዳ ነው። ሌላው ለትዳር ጥቅም የተገባ ዕዳ ነው። ለቤተሰቡ ኑሮ፣ ለልጆች፣ ለቀለብ የተገባ ዕዳ ለትዳር ጥቅም ነው። ሌላም ዕዳ ፍርድ ቤት ለትዳር ጥቅም ነው ካለው ይጨመራል። የዚህ ዓይነቱ ዕዳ ሁለቱንም በአንድነትና በነጠላ ይይዛቸዋል፤ ባለገንዘቡ ከጋራ ንብረታቸውም፣ ከሁለቱም የግል ንብረትም መጠየቅ ይችላል። የግል ዕዳ ደግሞ በቅድሚያ ከተበዳሪው የግል ንብረት ይከፈላል፤ ያ ካልበቃ ግን ወደ ጋራው ንብረት ይመጣል። ይህን የመጨረሻ ሐረግ ብዙ ሰው አያውቀውም። «የእሱ ዕዳ ነው፣ እኔን አይነካኝም» ማለት ጋብቻው እስካለ ድረስ ግማሽ እውነት ነው።

የባንኩን ዕዳ እንውሰድ። ለጋራ ቤት የተገባ ስለሆነ የጋራ ዕዳ መሆኑ አያከራክርም። አከፋፈሉን በምሳሌ ላሳይ። ቤቱ በባለሙያ 4,000,000 ብር ተገመተ እንበል፤ ለባንክ የቀረው ዕዳ 600,000 ብር ነው። የሚካፈለው 3,400,000 ነው፤ ለእያንዳንዳችሁ 1,700,000 ይደርሳል። ቤቱን የሚያስቀር ሰው ቀሪውን የባንክ ዕዳ ይዞ ለሌላው 1,700,000 ብር ይከፍላል። ማንም መክፈል ካልቻለ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል፣ ባንኩ ይከፈለዋል፣ የተረፈውን እኩል ትወስዳላችሁ።

ግን የፍርድ ቤቱ ሥልጣን ወሰን ያለው እዚህ ላይ ነው። ፍርዱ የሚያስረው እናንተን ሁለታችሁን ነው። ባንኩን አያስርም። ባንኩ የክርክሩ ተካፋይ አይደለም፤ ውሉም ከፈረመው ሰው ጋር ነው። ፍርድ ቤቱ «ዕዳውን ባል ይክፈል» ቢልና እሱ ባይከፍል፣ ባንኩ «ፍቺያችሁ እኔን አይመለከተኝም» ይላል፤ ትክክልም ነው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ደግሞ ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። በችሎት ደጋግሜ የማየው አሳዛኝ ነገር ይኸው ነው። ባልና ሚስት «ማን ይክፈል» እየተባባሉ ወርሃዊው ይቋረጣል፣ ወለዱ ይቆለላል፣ ክርክሩ ሳያልቅ ቤቱ ይሸጣል። ስለዚህ ክርክሩ ምንም ይሁን ምን ወርሃዊው አይቋረጥ። እርስዎ ከከፈሉ ደረሰኙን በስምዎ ያስወጡ፤ በክፍፍሉ ላይ ድርሻውን ያስመልሳሉ። ዕዳው ሙሉ በሙሉ ወደ አንዱ ስም እንዲዞር ከፈለጋችሁ ደግሞ የባንኩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፍርዱን ይዞ መሄድ ብቻ አይበቃም።

ዕቁቡ ቀላል ነው። ጥያቄው «ያ ገንዘብ የት ገባ?» ነው። ወጥቶለት የወሰደው ገንዘብ ለቢሾፍቱው ቤት ብሎኬትና ብረት ከተገዛበት፣ የቀረው ክፍያ የጋራ ዕዳ ነው። ለጓደኛው አበድሮት ከሆነ ደግሞ የብድሩ ገንዘብም የጋራ ሀብት ነው፣ ይቆጠር። የት እንደገባ ማስረዳት ካልቻለ የግል ዕዳው ነው ብለው ይከራከሩ። ማስረጃው የዕቁቡ ጸሐፊ መዝገብ ነው፦ ስንት ወሰደ፣ መቼ ወሰደ፣ ስንት ዕጣ ቀረው፣ ዋሱ ማን ነው። ዳኛውና ጸሐፊው ለምስክርነት ሊጠሩ ይችላሉ።

የወንድሙ 400,000 ብር ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። ልክ በመለያየት ጊዜ ከቅርብ ዘመድ የሚመጣ ትልቅ ዕዳ ሁሌም በጥርጣሬ መታየት አለበት። ሐሰት ነው ብዬ ግን ከወዲሁ አልፈርድም፤ እውነተኛ ብድርም ሊሆን ይችላል። ሰነዱን ሲያዩ ምን ያጣሩ? መጀመሪያ፣ ሰነድ አለ ወይ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነትና መሐላ ነው። «ወንድሜ ነው፣ አምኜው በቃል ነው» የሚል ካለ እዚያው ይሰናከላል። እሱ «አዎ ተበድሬያለሁ» ብሎ ቢያምን እምነቱ ራሱን ያስረዋል፤ የእርስዎን ድርሻ ግን ለመንካት በቂ አይደለም ብለው ይከራከሩ። ሁለተኛ፣ ቀኑ መቼ ነው? ከተለያያችሁ በኋላ ከሆነ፣ እሱ በተከራየበት ቤት ሆኖ ለየትኛው ቤተሰብ ኑሮ ተበደረ? ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ተንቀሳቅሷል ወይ? 400,000 ብር ዛሬ በኪስ አይዞርም። ከወንድሙ ሒሳብ ወጥቶ ወደ እሱ ሒሳብ ከገባ የባንክ ዝርዝሩ ላይ ይታያል። ፍርድ ቤቱ ባንኩን በትዕዛዝ እንዲጠይቅ ያመልክቱ። ዝርዝሩ ገንዘቡ በገባ በሁለተኛው ቀን ለሲሚንቶ አቅራቢ እንደተከፈለ ካሳየ፣ ልቀበለው አልፈልግም ማለት አያዋጣም፤ ቤቱን የሚካፈል ዕዳውንም ይካፈላል። ምንም ካላሳየ ግን ዕዳው ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ዕዳ ነው።

ከዚህ ሌላ ትልቅ መሣሪያ በእጅዎ አለ። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ መበደር የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። እርስዎ አልተስማሙም። አንቀጽ 69 ደግሞ ያለ ስምምነትዎ የተገባው ግዴታ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን እንዲጠይቁ ያስችልዎታል። ጊዜው ግን አጭር ነው፦ ካወቁበት ቀን ጀምሮ 6 ወር፣ በማንኛውም ሁኔታ ደግሞ ግዴታው ከተገባ 2 ዓመት። ያወቁት ባለፈው ወር ነው ብለዋል። ስለዚህ አንድ ወር ሄዷል። የፍቺው ክርክር ሲያልቅ አነሳዋለሁ ብለው ከተቀመጡ ያመልጥዎታል። ወንድሙም የዚህ ጥያቄ ተከሳሽ ሆኖ እንዲገባ ያድርጉ፤ እሱ በሌለበት የተሰጠ ፍርድ እሱን አያስረውም።

የንብረት ጥያቄ ሲያቀርቡ ዕዳውን ትተው ንብረቱን ብቻ አይጻፉ። «ዕዳውን እሱ ያንሳው» የሚሉ ጠያቂዎች አሉ። መነሳት ሲገባው ያልተነሳ ነገር ኋላ ላይ «ያለቀ ጉዳይ ነው» የሚል መቃወሚያ ሊያስከትል ይችላል። ንብረቱን በዝርዝር፣ ዕዳውንም በዝርዝር፣ የትኛውን እንደሚያምኑና የትኛውን እንደሚክዱ ከነምክንያቱ ይጻፉ። አንዳንዴ ችሎቱ ፍቺውን ወስኖ ንብረቱን በሌላ መዝገብ አምጡ ይላል። ይህ ሲሆን አይደንግጡ፤ ፍርድ ቤቱ ያው ነው። ግን አይዘግዩ። የጋራ ንብረት ክፍፍል ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) እንደሚታገድ ሰበር ሰሚ ችሎቱ ተርጉሟል፤ ከይርጋው በፊት ደግሞ ንብረቱ ራሱ ይበተናል።

ንብረቱ እንዳይበተን የሚያደርገው ዕግድ ነው። አቤቱታው በቀረበ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች አያያዝ፣ ስለ ቀለብ እና ስለ ንብረት አስተዳደር ወዲያውኑ ተገቢውን ትዕዛዝ እንዲሰጥ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 82 ይደነግጋል። ዕርቅ ይሞከር ተብሎ እስከ 3 ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ያለ ዕግድ የሚያልፉ ሦስት ወራት አደገኛ ናቸው። ዕግዱ ለሦስት ቦታ ይጻፍ፦ ኮንዶሚኒየሙ ለተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት፣ ለቢሾፍቱ የመሬት አስተዳደር፣ መኪናው ለተመዘገበበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት። ትዕዛዙ ወጥቶ መዝገብ ውስጥ ከተኛ ምንም አይሠራም። ደብዳቤው መድረሱን በማኅተም ያረጋግጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ይፈትሹ። በደህናው ዘመን ለባለቤትዎ የመሸጥና የመለወጥ ውክልና ሰጥተውት ያውቃሉ? ከሰጡት፣ ስምምነትዎን በእጁ ይዞ ነው የሚዞረው። ቤቱን ቢሸጠው «አልተስማማሁም» ማለት በጣም ከባድ ይሆናል። ውልና ማስረጃ ሄደው ይሻሩት፤ መሻሩንም ለእሱ በጽሑፍ ያሳውቁት።

ውጭ አገር ንብረት ያላቸው ሰዎችም ይህን ያነባሉና አንድ መስመር ልጨምር። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ፍርድ ውጭ ያለን ቤት በራሱ ኃይል አያዞርም፤ ያ አገር እንዲያስፈጽመው መጠየቅ አለበት። የውጭ ፍርድም እዚህ የሚፈጸመው በሥነ ሥርዓት ሕጉ የተቀመጡት መመዘኛዎች ሲሟሉ ነው፤ ከእነሱም አንዱ ያ አገር የእኛን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑ ነው።

እንግዲህ ምክሬ የማያወላውል ነው። ቢሾፍቱ አይሂዱ፣ ከተማ ነክ ፍርድ ቤት አይሂዱ፣ ሌላ የሽማግሌ ቀጠሮም አይጠብቁ። በዚህ ወር ውስጥ በአዲስ አበባ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የፍቺ አቤቱታ ያቅርቡ። ከአቤቱታው ጋር የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ የልጆቹን የልደት ማስረጃ፣ የኮንዶሚኒየሙን ውል ቅጂ፣ የቢሾፍቱውን ካርታ ወይም ያለዎትን ማንኛውንም ሰነድ፣ የመኪናውን ሊብሬ ቅጂ ያያይዙ። በእጁ ያለውን ሰነድ ማግኘት ካልቻሉ ይህንኑ ጽፈው ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልዎ ይጠይቁ። በዚያው ቀን የዕግድ ማመልከቻውን በቃለ መሐላ አስደግፈው ያስገቡ። የወንድሙን ብድር የማፍረሱን ጥያቄ በአቤቱታው ውስጥ ይጨምሩት። ችሎቱ ለብቻው አምጪው ካለዎት፣ ከስድስቱ ወር በቀረዎት አምስት ወር ውስጥ በራሱ መዝገብ ይክፈቱት። ጠበቃ መክፈል ካልቻሉ ለሬጅስትራሩ ይናገሩ፤ የነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ማዕከላትና የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አሉ። ውሳኔው ካላረካዎት በ60 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላሉ፤ ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ዕለት ስለሆነ የፍርዱን ግልባጭ በዚያው ቀን ያመልክቱበት።